የኤሊ ባለጎማ ሳጥንና የጅብ ጠፍር

ተረቴን ላምጣው? «አምጣው» በሉ። ከሥሩ ልጀምር? «ጀምር» በሉ። እንግዲያው ጆሯችሁን ሰብስቡ።

በድሮ ጊዜ፣ ብረትም እንደ ሰው አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ረጅም ቁልቁለት አናት ላይ አንድ ጋራዥ ነበረ። የጋራዡ ጌታ ኤሊ ነበረ። ኤሊ ለመካኒክነት የተፈጠረ ነው። ሌላው መካኒክ መኪና ሥር ለመግባት ካርቶን ያነጥፋል፤ ኤሊ ግን በጀርባው ተገልብጦ ሸርተት ይላል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ የሚያቃናው ይፈልጋል። ለዚህ ሲል ጦጣን ቀጠረ። ጦጣ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች፣ እጇ የፈጠነ፣ ምላሷም ከእጇ የማይዘገይ ሴት ነበረች። እሱ ከሥር ይጠራል፣ እሷ መፍቻ ታቀብላለች፤ ሲያልቅ ደግሞ ይዛ ትገለብጠዋለች።

ወደ ቆላው ገበያ የሚወርድ ሁሉ ኤሊ ዘንድ ቆሞ ፍሬኑን ያስፈትሽ ነበር። ቁልቁለቱ ይቅርታ አያውቅም። ከጋራዡ በር የሚወጣው መንገድ ግን ወዲያው አይወርድም። ግቢው ያለበትን ጉብታ በሜዳ ዞሮ ዞሮ ከግቢው በታች ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ የሚደርሰው። ከግቢው ጀርባ ደግሞ ወደዚያው ወደ ጠርዙ በቀጥታ የሚወርድ የጠጠር ተዳፋት አለ። ይህን ተዳፋት ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ኤሊ ያን ጊዜ መፍቻዎቹን የሚይዘው በጆንያ ነበር።

ከመኪና ሥር ሆኖ «አሥራ ሁለት ቁጥር!» ይላል።

ጦጣ ወደ ጆንያው ዞራ «አሥራ ሁለት ቁጥር አለህ?» ትለዋለች።

«አለኝ» ይላል ጆንያው።

«የት ጋ?»

«ውስጤ።»

«ውስጥህ የት ጋ?»

«ውስጤ ነው አልኩሽ እኮ!»

ጦጣ እስከ ብብቷ ትገባለች። ትፈልጋለች፣ ትፈልጋለች፣ መዶሻ ይዛ ትወጣለች።

«ይኼ መዶሻ ነው!»

«እሱም ውስጤ ነበር» ይላል ጆንያው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ አላበቃም። አንድ ቀን የጎሽ የጭነት መኪና ሽንኩርት ጭኖ መጣ። አባ ጎሽ የዚያ መንገድ ሽማግሌ ናቸው፤ መንገዱ ላይ ማን እንደሚሠራና ማን እንደማይሠራ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ኤሊ መሪያቸውን ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ ሸኛቸው። ፒንሳው ግን ከመሪው ዘንግ ላይ ቀረ። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ መሪው እንቢ አለ። መኪናው መንገድ ለቆ ከአሸዋ ክምር ውስጥ ተሰካ። ማንም አልሞተም። ሽንኩርቱ ግን ተንከባሎ ከባለቤቱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ።

አባ ጎሽ በእግራቸው ተመልሰው መጡ። በእጃቸው ፒንሳውን ይዘዋል።

«ይህን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ አባ ጎሽ። የኔ ነው።»

«መኪናዬ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

ኤሊ ወደ ጆንያው ዞረ። «አንተ፣ ፒንሳው መቅረቱን ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ የያዝኩትን እንጂ ያልያዝኩትን በምን አውቃለሁ?» አለ ጆንያው።

አባ ጎሽ ቀንዳቸውን ነቀነቁ። «ስማ ኤሊ። የዛሬውን ስህተት ብዬዋለሁ። ከእንግዲህ ግን አንዲት ብረት ካንተ እጅ አምልጣ ከዚህ ጠርዝ ከወረደች፣ ይህን ቦታ ለቀህ ትሄዳለህ።»

ኤሊ ያንን ቦታ ያገኘው ከታች ከሜዳው እየዳኸ ወጥቶ ነው። ያንን ዳገት ሁለተኛ የሚወጣበት ዕድሜ አልነበረውም። ስለዚህ አንገቱን አስገብቶ አሰበ፤ አንገቱን አውጥቶም «ጦጢት፣ ሳጥን እንግዛ» አለ።

መኪና የሚያነሱበትን ከባዱን ክሪክ ለመሞከሪያ ጦጣ ተሸከመች፤ ኤሊ ከኋላ ተከተለ። ባለጎማ ሳጥን ወደምትሸጠው ወደ ሰጎን ሱቅ ሄዱ። የሰጎን ሱቅ ወለል ሊሾ ነበር፤ እንኳን ጎማ ያለው፣ ጎማ የሌለውም ይንሸራተትበታል።

መጀመሪያ አንድ ቀይ ሳጥን ተጣራ። «እኔን! እኔን ውሰደኝ! እንዴት እንደማብለጨልጭ እይ! እኔን ያየ ደንበኛ ሌላ ጋራዥ አይረግጥም።»

ኤሊ «እግርህን አሳየኝ» አለው።

«እግሬን ምን ያደርግልሃል? ፊቴን እያየህ!»

«በፊትህ አትሄድም።»

አጎንብሶ አየ። የሳጥኑ ጎማዎች የሽንብራ እሸት የሚያካክሉ ናቸው። «ወደ ደጅ እናውጣው» አለ ኤሊ። ሰጎን «ለምን? እዚሁ ሞክረው እንጂ» አለች። «ጋራዤ እዚህ አይደለም» አላት። አወጡት። ቀዩ ሳጥን ደጁ ላይ ያለው ጠጠር ውስጥ ገባና ቆመ። ቢገፉት አይሄድም፤ ቢስቡት አይሄድም። በመጨረሻ ተሸክመው መለሱት።

ሁለተኛው ሳጥን ጎኑ የሰፋ፣ መሳቢያው የጠለቀ ነበር። ድምፁም እንደ ሆዱ ነው። «እኔ ዘንድ ና። ያንተን ጆንያ ከነምኑ አንዱ መሳቢያዬ ይውጠዋል።»

«ከዋጠው በኋላስ?» አለ ኤሊ።

«ከዋጠው በኋላማ ውስጤ ነው!»

ጦጣ በሳቅ ፈረሰች። «አያ ኤሊ፣ ይኼማ የጆንያው ወንድም ነው! ብረት ለብሶ ቢመጣ የማናውቀው መሰለው።»

ኤሊ ክሪኩን ላይኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ። ላይኛውን ሳበ። መካከለኛውን ሳበ። ታችኛውን ሳበ። ሳጥኑ ወደፊት ዘንበል፣ ዘንበል፣ ዘንበል አለና በአፍንጫው ተደፋ።

ሰጎን ዘላ ክንፏን አራገበች። «ምን ዓይነት ገዢ ነህ አንተ? ሁሉንም በአንዴ ማን ይከፍታል?»

«የቸኮለ ሰው» አለ ኤሊ።

ሦስተኛው ሳጥን ጥግ ላይ ቆሟል። ግራጫ ነው፤ ተጭሯል፤ ሰጎን የታጠበ መጥረጊያ ጨርቅ አስጥታበታለች። አልተጣራም፤ ፊቱንም አላዞረም።

«ይኼስ?» አለ ኤሊ።

«እሱን ተወው። የማይረባ ነው» አለች ሰጎን። «አንዱን መሳቢያ ስትከፍት ሌላው እንቢ ይላል። ካልዘጋህለት አይከፈትልህም።»

ኤሊ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለ። «ለምንድነው?»

«ከጠየቅኸኝ እነግርሃለሁ» አለ ግራጫው ሳጥን። «ሁሉንም ከከፈትኩ በአፍንጫዬ እደፋለሁ።»

ጦጣ ወለሉ ላይ የተጋደመውን ባለሆዱን ሳጥን አየት አደረገች።

«መሳቢያዎችህ ጥልቀት የላቸውም» አለ ኤሊ።

«አንዱ መፍቻ ሌላው ላይ እንዳይተኛ ነው።»

«ሳትጠየቅ ለምን አልተናገርክም?»

«ሳልጠየቅ አልናገርም። ስከፈት እከፈታለሁ፣ ስዘጋ እዘጋለሁ።»

ይህ ጠባይ ኤሊን ደስ አሰኘው። በኋላ እንደምናየው ግን ያስከፍለዋል። ጎማዎቹን አየ። የጎሽ ኮቴ ያካክላሉ፤ የፊተኞቹ ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ፤ የኋለኞቹ በእግር የሚረገጥ ፍሬን አላቸው። ወደ ደጅ ገፉት፤ ጠጠሩን እየጨፈለቀ ሄደ። ታችኛውን መሳቢያ እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ኤሊ ራሱ ገብቶ ተቀመጠበት። መሳቢያው አልጎበጠም።

ስንት ገዛው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሰጎን አንዴ «የማይረባ» ብላ ስለጀመረች፣ ዋጋ ልቆልል ብትልም አፏ አልታዘዝ አላት።

እንግዲህ ሳጥን ተገዛ። ሳጥን መግዛትና ሳጥን ማደራጀት ግን ለየቅል ነው። ሳጥኑ ግቢ ሲደርስ መካሪ በዛ።

ጦጣ «የሚያብለጨልጨውን ላይ፣ የዛገውን ታች እናድርገው፤ ደንበኛ ሲያይ ያምራል» አለች።

ጎረቤታቸው ጅብ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ጥሩ ጥሩውን በአጥሩ በኩል አድርጉት፤ ለመዋስ ይመቻል» አለ።

ጆንያው ከተጣለበት ሆኖ «እንደወደቀ ይውደቅ! ሳጥንም ብትሉት ያው ሆድ ነው» አለ።

ኤሊ ሦስቱንም ሰማ፤ ሦስቱንም ተወ። «ጦጢት፣» አላት፣ «መኪና ሥር ስገባ መጀመሪያ የምጠራው ምንድነው?»

«አሥራ ሦስት ቁጥር። ሁልጊዜ አሥራ ሦስት ቁጥር ነው።»

«ቀጥሎስ?»

«አሥር። ከዚያ ካቻቢቴ። ከዚያ ስትናደድ መዶሻ።»

ስለዚህ እጅ ቀድሞ የሚሄድበትን ላይኛው መሳቢያ ውስጥ አደረገ፦ ከስምንት ቁጥር እስከ ሃያ ሁለት ድረስ ያሉትን መፍቻዎች በየተራቸው ደረደራቸው። ሁለተኛው ላይ ካቻቢቴዎችና ፒንሳዎች። ሦስተኛው ላይ በሳምንት አንዴ የሚጠሩት። ክሪኩን፣ መዶሻዎቹን፣ ከባድ ከባዱን ሁሉ ከታች አደረገ፤ ክብደቱ ታች ከሆነ ሳጥኑ አይገለበጥምና። ከዚያም ከአሮጌ አውቶቡስ ወንበር የወጣ ስፖንጅ አመጣና በየመሳቢያው ልክ ቆረጠ። እያንዳንዱን መፍቻ ስፖንጁ ላይ አጋድሞ ዙሪያውን በቢላ ተከተለው። የቆረጠውን ሲያነሳው የመፍቻው ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ሆነ። ለአንድ መፍቻ አንድ ጎድጓዳ። አንዱ ከጎደለ ጎድጓዳው አፉን ከፍቶ ያያል።

ጦጣ ሳቀች። «መቃብር አስመሰልከው እኮ!»

«መቃብር የሚሞላው አንዴ ነው» አለ ኤሊ። «ይኼ ማታ ማታ መሙላት አለበት።»

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር፤ ውሰት። በዚያ ሰፈር መፍቻ የለመነን ጎረቤት መከልከል ነውር ነው፤ እሳት እንደ መከልከል ይቆጠራል። ስለዚህ ኤሊ ሕግ አወጣ። የሚዋስ ይዋስ፤ ግን በወሰደው ምትክ ያለሱ መዋል የማይችለውን የራሱን ነገር ጎድጓዳው ውስጥ ያስቀምጥ። ያ መያዣው ነው። መፍቻም መያዣም የሌለበት ጎድጓዳ ከታየ፣ ያ መፍቻ መኪና ሆድ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ እስኪገኝ ማንም ከግቢ አይወጣም።

ጅብ «እኔን ጭምር?» አለ።

«በተለይ አንተን» አለች ጦጣ።

ጅብ ያለሱ መዋል የማይችለው ነገር አንዲት ጠፍር ናት። ሲርበው ያኝካታል፤ ሳይርበውም ያኝካታል። መፍቻ በወሰደ ቁጥር ጠፍሩን በጎድጓዳው ያስቀምጣል፤ አፉ ሥራ ሲፈታበት ሮጦ ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ ጅብ የተዋሰው መፍቻ አድሮ አያውቅም።

በዚህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ በሰላም አለፈ። መኪናው ይገባል፣ መኪናው ይወጣል፣ ጎድጓዳው ይሞላል። ኋላ የገበያ ቀን መጣ።

ያን ዕለት ጠዋት ጅብ ካቻቢቴ ተውሶ ነበር። ካቻቢቴውን በጊዜው መለሰ፤ ጠፍሩን ግን ከሳጥኑ አናት ላይ ረሳው። ሌሊት አንድ ቦታ ጠግቦ በልቶ ስለነበር አፉ አላስታወሰውም።

ብዙም ሳይቆይ የጉሬዛ አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቶ መጣ። ጉሬዛ ጥቁር በነጭ ለብሶ መሪውን ይዟል። ከጎኑ አባ ጎሽ ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ፍየሎች፣ ጅግራዎችና ሁለት መቀመጫ የያዘች እርጉዝ አህያ አሉ።

«ሹፌር፣ ኧረ ገበያው ሳይበተን!» ትላለች አንዲት ፍየል።

«ፍሬኑ ይታይ እንጂ እማማ» ይላል ጉሬዛ።

«ፍሬኑ ምን ሆነ? ትናንት ቆሞ የለም እንዴ?»

ኤሊ ተገልብጦ ከሥር ገባ። «አሥራ ሦስት ቁጥር!» አለ፤ ጦጣ አቀበለች። «አሥር!» አለ፤ አቀበለች። «ግሪስ!» አለ፤ አቀበለች። ግሪሱን ለመቀበል ሲል አሥራ ሦስት ቁጥሩን ከፍሬኑ ዘንግ በላይ፣ ከመኪናው አጥንት ከሻንሲው ጠርዝ ላይ ለአፍታ አሳረፈው። ግሪሱን ቀባ፣ ቀባ፣ ቀባ፤ መፍቻውን ረሳው። ወጣ። ጦጣ ገለበጠችው። እጁን በናፍጣ ሊታጠብ ሄደ።

ጦጣ መሣሪያዎቹን በየቦታቸው መለሰች። አሥርን መለሰች። ካቻቢቴውን መለሰች። የአሥራ ሦስት ቁጥር ጎድጓዳ ግን ባዶ ነው። አፉን ከፍቶ ያያታል።

መሬቱን አየች፤ የለም። ቱታዋን ዳበሰች፤ የለም። ጉሬዛ ጥሩምባውን ነፋ። ፍየሏ «እቺ ሴት ምን ትጎለታለች?» አለች። ጦጣ ቀና ስትል የጅብን ጠፍር ከሳጥኑ አናት ላይ አየችው።

«አሃ፣» አለች በልቧ፣ «አያ ጅቦ ወስዶት ነው። ጠፍሩን ጎድጓዳው ውስጥ ማስቀመጡን ረስቶ እዚህ ጥሎት ሄደ። አሁን ጎድሏል ብዬ ብጮኽ አውቶቡሱ ይቆማል፤ ይኼ ሁሉ ተሳፋሪ ይሰድበኛል፤ ጎረቤቷን በሌብነት ጠረጠረች እባላለሁ። ምን አለበት? እኔው ላስቀምጥለት።»

ጠፍሩን አንስታ በአሥራ ሦስት ቁጥር ጎድጓዳ ውስጥ አጋደመችው።

ኤሊ መጣና መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አየ። «አሥራ ሦስትስ?»

«የአያ ጅቦ ጠፍር ይኸው» አለች ጦጣ። ውሸት አልተናገረችም፤ እውነትም አልተናገረችም።

ኤሊ ጎድጓዳው መሞላቱን አየና መሳቢያውን ዘጋ። ጉሬዛ ግቢው ውስጥ ፍሬን ሞከረ፤ አውቶቡሱ ቀጥ አለ። «ሂድ፣ መልካም መንገድ!» አለው ኤሊ። አውቶቡሱ ከበር ወጥቶ ጉብታውን መዞር ጀመረ።

አቧራው ሳይበርድ ጅብ በአጥሩ ዘሎ ገባ።

«ጠፍሬን! ጠፍሬን ያያችሁ?»

«መጀመሪያ አሥራ ሦስት ቁጥሩን መልስ» አለ ኤሊ።

«የምን አሥራ ሦስት ቁጥር?»

«ጠፍርህን አስይዘህ የወሰድከውን ነዋ።»

«እኔ? እኔ ዛሬ የወሰድኩት ካቻቢቴ ነው፤ እሱንም መልሻለሁ! አሥራ ሦስት ቁጥር አይቼ እንደሆነ ዓይኔ ይጥፋ!»

«ትናንትናም ዓይኔ ይጥፋ ብለህ ምለህ ነበር» አለች ጦጣ፤ ድምፅዋ ግን እየቀጠነ ሄደ።

ኤሊ አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞረ። «እስቲ አንተ ንገረኝ። አሥራ ሦስትን ማን ወሰደ?»

«ከጠየቅኸኝ እነግርሃለሁ» አለ ሳጥኑ። «አያ ጅቦ ሲከፍተኝ በጥርሱ ነው። ዛሬ ጥርስ የነካው የካቻቢቴውን መሳቢያ ብቻ ነው። አሥራ ሦስትን የወሰደው ያንተ እጅ ነው፤ አልመለሰውም። ጠፍሩን ያስቀመጠችው ጦጣ ናት።»

ጦጣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ኤሊም ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ግሪሱ ትዝ አለው፤ ሻንሲው ትዝ አለው። ሜዳ ላይ እስካለ መፍቻው ተኝቶ ይሄዳል። አውቶቡሱ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ ሲደፋ ግን ወደፊት ይንሸራተትና በዘንጉና በሻንሲው መካከል ይሰካል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥ አይወርድም።

«ሮጬ ልያዘው!» አለች ጦጣ።

«ብትደርሺስ?» አለ ጅብ። «በዚህ መንገድ ጦጣ እጇን ስታወዛውዝ አይቶ የቆመ ሹፌር አለ?»

እውነቱን ነበር። ኤሊ ተዳፋቱን አየ፤ እሱ ገና መንቀሳቀስ ሲያስብ አውቶቡሱ ገደል ይገባል።

ያኔ ሳጥኑ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ፍሬኔን ልቀቀው።»

«ምን አልክ?»

«ከተዳፋቱ ጫፍ አድርሱኝና ፍሬኔን ልቀቀው። ሹፌር ጦጣን ሊያልፋት ይችላል፤ ብረትን ግን አይገጭም።»

«ያለኝ ሁሉ አንተ ውስጥ ነው» አለ ኤሊ።

«አውቃለሁ። ጎድጓዳዎቼን ሁሉ አውቃቸዋለሁ።»

«ገደል ብትገባስ?»

«ስትገዛኝ እግሬን አይደል ያየኸው?»

ጅብ ገፋ፣ ጦጣ ገፋች፤ ከተዳፋቱ ጫፍ አደረሱት። ጦጣ ዘላ አናቱ ላይ ወጣች። «ጎድጓዳውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ታች ስደርስ ፍሬኑን የምረግጠውም እኔ ነኝ» አለች። ኤሊ አንገቱን እስከ መጨረሻው አወጣ፤ እግሩንም አንስቶ ፍሬኑን ለቀቀ።

ሳጥኑ ወረደ። ቀዩ ሳጥን ቢሆን ጠጠሩ ውስጥ እዚያው በቀረ። ባለሆዱ ሳጥን ቢሆን መሳቢያዎቹ በአንዴ ተከፍተው በአፍንጫው በተደፋ። ግራጫው ግን ከባድ ከባዱ ታች ነው፤ መሳቢያዎቹም አንዱ የሌላውን በር ይይዛል። እየነጠረ፣ እየጮኸ፣ ጦጣም አናቱ ላይ እየጮኸች፣ ከመንገዱ መሃል ደረሰ። ጦጣ ከኋላ ወርዳ በሁለት እግሯ ፍሬኑ ላይ ቆመች። ሳጥኑ ጠርዙ ላይ፣ መንገዱን ዘግቶ ቀጥ አለ።

ጉሬዛ ከጥምዝምዙ ብቅ ሲል ጦጣ እጇን ስታወዛውዝ አየ፤ አልደነቀውም። ቀጥሎ ብረት አየ። ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠ። አውቶቡሱ ገና ሜዳው ላይ ነበርና ፔዳሉ ታዘዘ። እየተንፏቀቀ መጥቶ ሳጥኑን ዷ! አደረገውና ቆመ። ሳጥኑ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ፤ ግን አልወደቀም፤ አንዲት መፍቻም አልፈሰሰችም።

አባ ጎሽ ወረዱ። «ምን ጉድ ነው ይኼ?»

ጦጣ ከአውቶቡሱ ሥር ገባች። አሥራ ሦስት ቁጥሩን ይዛ ወጣች።

«ከተነሳን ጀምሮ እየተጣራሁ ነው» አለ አሥራ ሦስት ቁጥር። «ሞተሩ ጮኸብኝ። ትንሽ ዘንበል ብትሉ ኖሮ ዘንጉ ላይ መሰካቴ ነበር።»

ተሳፋሪው ወደ ቁልቁለቱ አየ። ያቺ ፍየል እንኳ ትናንት ቆሞ የለም ወይ አላለችም።

ኤሊ እየዳኸ ሲደርስ ተሳፋሪው ልቡ ተመልሶ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። አባ ጎሽ ጠበቁት።

«ያልኩህን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ። አንዲት ብረት ከዚህ ጠርዝ ከወረደች ቦታውን ትለቃለህ ብለውኛል።»

«መፍቻውን የረሳው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎድጓዳውን የሞላውስ?»

«እኔ ነኝ አባ ጎሽ» አለች ጦጣ። «ጎረቤቷን ጠረጠረች እንዳልባል ፈራሁ። ተሳፋሪው እንዳይሰድበኝም አፈርኩ።»

ኤሊ ጎኑ ወደገባው ሳጥን ዞረ። «አንተስ ስታውቅ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አልጠየቅኸኝም» አለ ሳጥኑ። «መሞላቱን አይተህ ዘጋኸኝ። በማን እንደተሞላ አላየህም። ዝም ማለቴ ግን ጥፋት ነው፤ ከእንግዲህ ሳልጠየቅም እናገራለሁ።»

አባ ጎሽ የአውቶቡሱን የፊት ጎማ አዩ፤ ጠርዙን አዩ። «መፍቻው ካንተ እጅ አምልጧል» አሉ። «ጠርዙን ግን አልወረደም። ያለህንም ሁሉ ከፊቴ ጥለሃል። ቦታህ ላይ ቆይ። አንድ ቃል ግን በሕግህ ላይ ጨምርበት፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ያላስቀመጠው መያዣ፣ መያዣ አይደለም።»

ጅብ ከኋላ እያለከለከ ደረሰ። «ጠፍሬን ስጡኝ! እውነት ተናገርኩ አይደለም እንዴ? እውነት ስናገር ያመነኝ አንድ ሰው ጠፋ!»

«ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ አላወቅንህም አያ ጅቦ» አለች ጦጣ። ከላይኛው መሳቢያ አውጥታ ጠፍሩን ሰጠችው፤ በቦታውም አሥራ ሦስት ቁጥሩን አጋደመችው። ጎድጓዳው አፉን ዘጋ።

ኤሊ የሳጥኑን ጎን አላቃናውም። ለምን ሲሉት «ይኼም ጎድጓዳ ነው» ይላል። ጆንያው ዛሬ የግሪስ ጨርቅ ይያዝበታል፤ ምን አለህ ሲሉት አሁንም «ውስጤ ነው» ይላል።

ልጆቼ፣ የጎደለው ቦታ ጎድሎ ይታይ። ባዶ ጎድጓዳ ይጣራል፤ በይሉኝታ የሞላችሁት ግን አፉ ተይዟልና ከባዶው ይብሳል።

ተረቴን አውሻችኋለሁ። ስትነሱ መያዣ ትታችሁልኝ ሂዱ፤ እያንዳንዱ ግን በገዛ እጁ ያስቀምጥ።